የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ ጥገና ታሪክና ለመዝገብ አጠባበቅ የሚሰጠው ትምህርት

መዝገብ ተጽፎ በመቀመጡ ብቻ ተጠብቋል ሊባል አይችልም። የኮምፒዩተር መዝገብ በሚሆንበት ጊዜ የሚያነበው መሣሪያና መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ ጭምር ያስፈልጉታል። የፍሎፒ ዲስክ ድራይቭ ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፍሎፒ ዲስክ 8 ኢንች ስፋት ነበረው፤ ተግባሩም ለትልልቅ ኮምፒዩተሮች የሥራ መመሪያ ማስገባት ነበር። በ1976 ሹጋርት አሶሺዬትስ የ5.25 ኢንች ድራይቭ አወጣ። በ1978 ደግሞ አፕል ኩባንያ በዚሁ መጠን የራሱን ድራይቭ ሲያቀርብ መሣሪያው ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ መማሪያ ክፍል ለመግባት በቃ።

የድራይቩ አሠራር ከቴፕ መቅረጫ ጋር ይመሳሰላል። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲሽከረከር፣ ሄድ የተባለው ክፍል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየተንቀሳቀሰ ያነባል፤ ይጽፋልም። ከዚህም የተነሣ የተለመደው ጥገና ሄዱን በአልኮል መጥረግ፣ የደረቀውን ግራሶ ማንሣትና የላላውን ቺንጋ መለወጥ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሄዱ አቀማመጥ መዛባት ነው። ኮሞዶር ኩባንያ በ1982 ያወጣው 1541 የተባለው ድራይቭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሄዱ የመጀመሪያው ትራክ ላይ መድረሱን የሚያመለክት መሣሪያ ስላልነበረው፣ ድራይቩ ቦታውን የሚያገኘው ሄዱን ከማቆሚያው ጋር ደጋግሞ በማጋጨት ነበር። ግጭቱ ሲበዛ በሞተሩ ዘንግ ላይ ተጠልቆ የገባው ፑሌጃ ይንሸራተታል። በትራኮቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ጥቂት መንሸራተት ንባቡን ያበላሻል።

ችግሩ ግን ወዲያው አይታወቅም። የተዛባ ድራይቭ ራሱ በተዛባ መሥመር የጻፈውን ያለ ችግር ያነባል፤ ሌላ ድራይቭ ግን ያንኑ ዲስክ ማንበብ ይሳነዋል። ድራይቩ ሲስተካከል ደግሞ ቀድሞ የጻፋቸውን ዲስኮች ራሱም ማንበብ ያቅተዋል። ስለሆነም ትክክለኛው የሥራ ቅደም ተከተል አስቀድሞ መዝገቡን መገልበጥ፣ ከዚያም መሣሪያውን ማስተካከል ነው። ይህ ሳይደረግ ከቀረ፣ ሄዱን ሆን ብሎ ወደ ቀድሞው ስሕተት መመለስ ግድ ይሆናል።

የድራይቭ ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ መጠገኑ ቀርቶ መለወጡ ተመረጠ። በ2011 ሶኒ በጃፓን የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን አቆመ። መዝገቦቹ ግን አሁንም በየሣጥኑ ይገኛሉ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በ1985 በአሚጋ ኮምፒዩተር የሠራቸው ሥዕሎች ከፍሎፒ ዲስኮች ወጥተው ይፋ የሆኑት በ2014 ነበር።

የተማሪዎችን ውጤትና የትምህርት መሣሪያዎችን በኮምፒዩተር ለሚያስቀምጡ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች የታሪኩ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ለመሣሪያ ግዢ የሚመደብ በጀት ለጥገናውና መዝገቡን በየጊዜው ወደ አዲስ መሣሪያ ለመገልበጥ የሚውለውን ወጪ ጭምር ካልያዘ፣ የተገዛው መሣሪያ እንጂ የተጠበቀ መዝገብ አይኖርም።