«ተጠለፈ» ወይስ «ተጠመደ»? ፊሺንግን በአማርኛ ስለ መሰየም

አክስቴ የደወለችልኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። «ስልኬን ጠለፉት» አለችኝ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ቤቷ ስደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ እሷ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ዳግመኛ ብትነካው ሌላ ጥፋት የሚመጣ መስሏታል። በእሷ ስም፣ ከእሷ ቴሌግራም፣ ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ «አስቸኳይ ችግር ገጥሞኛል፤ እስከ ነገ 5,000 ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት እየተላከ ነበር። ነገሩ የታወቀው ዱባይ ያለችው ልጇ ብሩን ከመላኳ በፊት «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ብላ ስለ ደወለች ነው።

ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ጠዋት ከዕድራቸው ጸሐፊ መልእክት ደርሷት ነበር። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ? የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ገብታለች፤ እባክዎ ድምፅ ይስጧት» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለ። ስትነካው የሕፃናት ፎቶ የተደረደረበት ገጽ ተከፈተ። አንዷን መረጠች። ገጹ ድምፅዎ እንዲቆጠር ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ አላት፤ አስገባች። ወዲያው ከቴሌግራም አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር መጣላት። የደረሰዎትን ቁጥር ይጻፉ አላት፤ ጻፈች። «እናመሰግናለን» ብሎ ተዘጋ። እሷም ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አካውንቷ የሌላ ሰው እጅ ገብቷል።

የዕድሩ ጸሐፊ ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል አልጻፉም። የእሳቸውም አካውንት ከሁለት ቀን በፊት በዚሁ መንገድ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

«ታዲያ እኔው ነኝ የሰጠኋቸው?» አለችኝ ታሪኩን ጨርሳ። አዎ፣ እሷው ነበረች። ግን ስትደውልልኝ የተጠቀመችበት ቃል ይህን ፈጽሞ አይነግራትም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ያ ቃል ነው።

ጠለፋ የምንለውን እናስብ። የሚራመድ ሰው እግር ይጠለፋል፤ አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ ትጠለፋለች፤ ይህኛው ደግሞ በአገራችን ስንት ቤት ያቆሰለ ቃል ነው። በሁሉም ውስጥ ጉልበት አለ፤ የተጠለፈው አካል በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም። በቴክኖሎጂውም ዓለም እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ አለ፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልኩ ውስጥ የሚገባ የስለላ ሶፍትዌር አለ፤ እሱን ጠለፋ ብንለው ልክ ነን። አክስቴ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። በሩን የሰበረ የለም። ቁልፉን ጠየቋት፤ ሰጠቻቸው። «ተጠለፍኩ» ያለ ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው ከስልኩ ነው፤ አንቲቫይረስ ልጫን ይላል፣ ሲም ካርዴን ልቀይር ይላል። አክስቴም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስልኩን ልጣለው ወይ?» ብላ ነው። ስልኩ ደህና ነበር።

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ማታለል «ፊሺንግ» ይለዋል። ሲሰማ ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሲጻፍ ግን በ«ኤፍ» ፈንታ በ«ፒ ኤች» ይጀምራል፤ እኛ ንጉሡን «ሠ» እና እሳቱን «ሰ» በአንድ ድምፅ እያነበብን በፊደል እንደምንለያቸው ማለት ነው። ፊደሉ የተወረሰው የአሜሪካን የስልክ መሥመር እያታለሉ በነፃ ይደውሉ ከነበሩት «ፍሪከር» ከሚባሉት ልጆች እንደሆነ ይታመናል። ቃሉ የተስፋፋው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)፣ አሜሪካ ኦንላይን በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ነው። ያን ጊዜ ኢንተርኔት በሰዓት ይከፈልበት ስለነበር የሌላ ሰው አካውንት በእጅ ማስገባት ገንዘብ ነበር። አጥማጆቹ የኩባንያው ሠራተኛ መስለው፣ ሒሳብዎን እያጣራን ስለሆነ የይለፍ ቃልዎን ይላኩልን የሚል አጭር መልእክት ላገኙት ሁሉ ይበትኑ ጀመር። ከብዙው ጥቂቱ ከመለሰ ቀናቸው። ኩባንያው በመጨረሻ፣ ማንም ሠራተኛችን የይለፍ ቃልዎን አይጠይቅም የሚል ማሳሰቢያ በየመልእክት መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ዛሬ ከባንኮቻችን በኤስኤምኤስ የሚደርሰን ማሳሰቢያ የዚያው ልጅ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? በጋዜጦቻችን አብዛኛውን ጊዜ «ፊሺንግ» ተብሎ እንዳለ ይጻፋል። ለባለሙያ ይበቃል፤ ለአክስቴ ግን ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት የራሳችን ቃላት አሉ። «ማስገር» ያማረ ቃል ነው፤ ከግእዝ የመጣ፣ ዓሣ አስጋሪ የምንልበት። ችግሩ ከሐይቅና ከወንዝ ብዙም አይርቅም። «ማጥመድ» ግን በየቤቱ ይኖራል። አይጥ ይጠመዳል፣ ቆቅ ይጠመዳል፤ ወጥመድ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በሬም ይጠመዳል። ቂም የያዘብንን ሰው «ጠምዶ ያዘኝ» እንላለን፤ ሥራ የበዛበትንም «በሥራ ተጠምዷል» እንላለን። እንዲህ ሰፊ ስለሆነ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ያደናግራል፤ ምን እንደሚጠመድ አብሮ መነገር አለበት። የሚጠመደው ደግሞ ስሙ አስቀድሞ በአፋችን አለ። የባንኩንም የቴሌብሩንም መግቢያ ሁላችን «የምስጢር ቁጥር» ነው የምንለው።

ስለዚህ እኔ የምጠቀመው «ምስጢር ማጥመድ» የሚለውን ነው። አድራጊው ምስጢር አጥማጅ፣ የሚልከው ማጥመጃ መልእክት፣ የደረሰበት ሰው ተጠመደ ይባላል። እንግሊዝኛው በስልክ ጥሪ ለሚመጣው «ቪሺንግ»፣ በኤስኤምኤስ ለሚመጣው «ስሚሺንግ» እያለ ስም ያበዛል፤ እኛ በስልክ ማጥመድ፣ በኤስኤምኤስ ማጥመድ ብንል ይበቃናል። ሊንክን ደግሞ ብዙ ጋዜጠኞች «ማስፈንጠሪያ» ይሉታል። ወጥመድ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ቃል በሌላ ጆሮ ይሰማዋል፤ ተወጥሮ የቆመው ነገር እንስሳው ሲነካው ነው የሚፈናጠረው።

«ተጠመደ» ስንል ሰውየው ሞኝ ነበር ማለታችን አይደለም። በማርች 2016 (እ.ኤ.አ.) የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበረው ጆን ፖዴስታ ከጉግል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው፤ የሆነ ሰው ከዩክሬን በይለፍ ቃልዎ ሊገባ ሞክሯል፣ አሁኑኑ ይቀይሩ ይላል። የቢሮው ሰዎች ተጠራጥረው የኮምፒዩተር ባለሙያቸውን ጠየቁ። ባለሙያው ትክክለኛ ኢሜይል ነው ብሎ ጻፈ፤ በኋላ እንደተናገረው ሊጽፍ የፈለገው ትክክለኛ አይደለም የሚለውን ነበር። እውነተኛውን የጉግል አድራሻም አብሮ ልኮላቸው ነበር፤ የተነካው ግን የአጥማጁ ሊንክ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎቹን ዊኪሊክስ ለዓለም በተናቸው። ጠያቂም፣ ባለሙያም፣ ጥርጣሬም ባለበት ቢሮ እንዲህ ከሆነ አክስቴ በራሷ የምታፍርበት ምክንያት የለም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ማጥመጃን ለመለየት የቆየ ምክር አላቸው፤ የፊደል ግድፈት ፈልግ ይላሉ። እኛ ዘንድ ይህ ምክር ብዙ አይረዳም። «ሰላም»ም «ሠላም»ም ብለን እንጽፋለን፤ «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት እንደምናገኛት የሚያነብ ያውቃል። ሦስቱን «ሀ» እና ሁለቱን «አ» እያቀያየሩ የጻፉልንን ሁሉ ሳንደናቀፍ እናነባለን። ዓይናችን ከልጅነቱ ጀምሮ ልዩነትን ማለፍ ለምዷል። ለንባብ በጎ ነው። ለኮምፒዩተር ግን ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» ዝምድና የላቸውም፤ በዩኒኮድ መዝገብ አንዱ 1220፣ ሌላው 1230 ተብሎ ተመዝግቧል። የድረ ገጽ አድራሻም እንደዚሁ ነው። አንድ ፊደል የተለወጠበት አድራሻ የሌላ ሰው ቤት ነው። በዚህ ላይ አማርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የጸና አጻጻፍ የለውም። «ብር» የሚለውን በአንድ «አር» የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። አጥማጁ የሚያድርበት ቀዳዳ ይህ ነው፤ እኛ አንድ ነው ብለን ባለፍነውና ኮምፒዩተሩ ሌላ ነው ባለው መካከል።

አድራሻ ማንበብን አክስቴን ያስተማርኳት በእኛው የስም አጠራር ነው። የልጁን ስም ማንም እንደፈለገ ያወጣል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረን ከኋላ የሚመጣው የአባት ስም ነው። በድረ ገጽ አድራሻም ፊት ለፊት የባንክ ስም ቢጻፍ ዋጋ የለውም፤ ባለቤቱን የሚናገሩት ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቃላት ናቸው። «ዲቪ ደርሶሃል» የሚለውን መልእክት እንውሰድ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲቪ ዕጣ መውጣቱን በኢሜይል አያበሥርም፤ አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ገብቶ ያያል። የዚያ ገጽ የአባት ስም «ስቴት ዶት ጎቭ» ነው። «ጎቭ» የሚለው ቃል ከፊት ወይም ከመሐል ተሰክቶ መጨረሻው ሌላ ከሆነ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ የከበደው ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ስለገባ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ የባንኮቹም መተግበሪያ ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ አለ። «በስሕተት ብር ልኬብዎት ነበር፤ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ቢነግሩኝ ይመለስልኛል» የሚል ትሑት ድምፅ ያልሰማ ሰው እየጠፋ ነው። ሕጉ በበኩሉ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አታላዩን ያስከስሳል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃችንን የሚሰበስቡ ድርጅቶችን ይገዛል። በራሳችን ጣት የጻፍነውን ቁጥር ግን የሚመልስ አንቀጽ የለም።

ዓይን እንደሚደክም አምነን መጠበቂያውን ለማሽኑ መስጠቱ ይሻላል። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥልን መተግበሪያ አንዱ ነው፤ አድራሻው በአንድ ፊደል ከተለወጠ የይለፍ ቃሉን ራሱ አይሞላም፤ እሱ ዝም ሲል እኛም ጣታችንን እንሰብስብ። ከዚያ የሚጠነክረው አካላዊ ቁልፍ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ። ጉግል በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከ85,000 በላይ ለሚሆኑ ሠራተኞቹ ይህን ቁልፍ ግዴታ አደረገ፤ በዓመቱ እንዳስታወቀው ከዚያ ወዲህ አንድም ሠራተኛ የሥራ አካውንቱን ተጠምዶ አላጣም። ዛሬ ስልካችን ራሱ በጣት አሻራ እንዲህ ያለ ቁልፍ መሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው «ፓስኪ» ይለዋል፣ እኔ «የይለፍ ቁልፍ» እለዋለሁ። ምስጢሩ ቁልፉ የሚከፍተው የተሠራለትን ድረ ገጽ ብቻ መሆኑ ነው፤ ባለቤቱ ቢሳሳት እንኳ ቁልፉ አይሳሳትም።

አክስቴ ዘንድ ያደረግነው ከዚህ ቀላል ነበር። ስልኩን ቀና አድርገን ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግ»፣ ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፈትን። ከላይ የእሷ ስልክ አለ፤ ከሥሩ ማናችንም የማናውቀው ኮምፒዩተር። አሁን ከምንጠቀምበት ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጣ የሚለውን ነካች፤ ጠፋ። ፍጥነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሩን እንዲያስወጣ ለ24 ሰዓት አይፈቅድም፤ ባለቤቱ ግን ገቢውን ወዲያው ማስወጣት ይችላል። የመጀመሪያው ቀን የባለቤቱ ነው። ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብተን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አበጀችለት፤ ከእንግዲህ አምስቱን አሃዝ ያገኘ ሰው ይህንንም ካላወቀ አይገባም። ቃሉን ስትጽፍ እኔን ፊትህን አዙር አለችኝ።

የሚቀጥለው እሑድ የዕድር ስብሰባ ነበር። ጸሐፊው ቆመው «አካውንቴ ተጠልፎ...» ብለው ሲጀምሩ አክስቴ ከኋላ «አልተጠለፍንም፣ ተጠምደን ነው፤ ቁጥሩን እኛው ሰጥተን ነው» አለች። ጸሐፊው ትንሽ ዝም ብለው፣ እሳቸውም ቁጥሩን እንደሰጡ ተናገሩ። ከዚያ ሁለት ሴቶች፣ ቀጥሎ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አነሡ። ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ አሁን በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «በቴሌግራም ብር የሚጠይቅ ወይም ቁጥር ላኩልኝ የሚል አባል ካለ፣ መጀመሪያ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።»