ሐዲዱ የተነቀለበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2000 መገባደጃ፣ በጃፓን ፉኩይ ግዛት ከኤይሄይጂ ገዳም ቁልቁል ሲወርድ የነበረ ባቡር ፍሬን እምቢ አለው። መቆሚያ ጣቢያውን አልፎ ሄዶ ከፊቱ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተመ፤ ሾፌሩ ሞተ። በስድስት ወሩ የዚያው ድርጅት ሌላ ባቡር እንዲሁ ፊት ለፊት ሲጋጭ መንግሥት አገልግሎቱን አስቆመው። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ስድስት ኪሎ ሜትር መስመር ዳግም ባቡር አላየም። በ2002 በይፋ ተዘጋ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ቦታው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ።

ባቡሩ በቆመበት የበረዶ ወራት የፉኩይ መንገዶች በመኪና ተጨናነቁ፤ መኪና የሌላቸው ተማሪዎችና አረጋውያን መድረሻ አጡ። የአካባቢው ሰዎች ያን ጊዜ ዛሬም ሳይፈልጉ የገቡበት መጥፎ ማኅበራዊ ሙከራ ይሉታል። ግዛቲቱ በአንድ ቤተሰብ በሚደርስ የመኪና ብዛት ከጃፓን ግንባር ቀደም ናት። እዚያ መንጃ ፈቃድ ማጣት ከገበያም፣ ከሐኪምም፣ ከዘመድም መቆረጥ ነው።

በዚህ መሐል አገሪቱ አረጋውያኗን መሪውን እንዲለቁ መጎትጎት ጀምራ ነበር። በ1997 ዕድሜያቸው 75 የሞላ አሽከርካሪዎች መኪናቸው ላይ እንዲለጥፉት ብርቱካናማና ቢጫ ምልክት ወጣ። ሰዉ ‹የረገፈ ቅጠል› እያለ ቀለደበት። በ2008 መለጠፉ በቅጣት የታገዘ ግዴታ ቢሆንም ቁጣው በረታና በዓመቱ ቅጣቱ ቀረ። በ2011 ደግሞ ቅርጹ ራሱ ተቀይሮ ባለ አራት ቅጠል ሆነ። ሰው ሰባ አምስት ዓመት ኖሮ ‹ረግፈሃል› የሚል ወረቀት መኪናው ላይ ለጥፍ ሲባል ደስ ይለዋል ብሎ ያሰበው ማን ይሆን?

መንጃ ፈቃድን በገዛ ፍላጎት ለፖሊስ መመለስ የተጀመረው በ1998 ነው። የመለሰ ሰው ከ2002 ወዲህ የአሽከርካሪነት ታሪኩን የሚመሰክር መታወቂያ ማውጣት ይችላል፤ በየቦታው የታክሲ ቅናሽ ያስገኝለታል። በ2019 ጸደይ አንድ የ87 ዓመት አዛውንት ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ላይ አንዲት እናትንና የሦስት ዓመት ልጇን ገጭተው ገደሉ። መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በፍሬን ምትክ ነዳጅ ረግጠዋል ሲል 5 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። በዚያው ዓመት 600 ሺህ ያህል ሰዎች ፈቃዳቸውን መለሱ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም።

ቶኪዮ ለሚኖር መመለሱ ብዙም አይከብድም፤ ባቡሩ ደጁ ላይ ነው። ገጠር ያለው ግን የሚይዘው የለውም። ስለዚህ አረጋውያን ራሱን የሚነዳ መኪና ይቀበሉታል ወይ ሲባል፣ መኪናው የሚመጣው ምን ከተወሰደባቸው በኋላ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ማሽኑ ለጃፓን እንግዳ አይደለም። የአገሪቱ ተመራማሪዎች በ1977 መንገዱን በካሜራ እያየ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሠርተው ነበር። የገዳሙ ከተማ ኤይሄይጂ የደረሰው ግን ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከመንገዱ ሥር የተቀበረ ሽቦ እየተከተለ የሚጓዝ የጎልፍ ጋሪ ነው። የሚሄደውም በዚያው ሐዲዱ በተነቀለበት መንገድ ላይ ነው። በ2021 አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሦስት ጋሪ ይቆጣጠር ጀመር። በግንቦት 2023 ደግሞ፣ ሾፌር አልባ ጉዞን የፈቀደው ሕግ ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ወር፣ በጃፓን የመጀመሪያው ሾፌር አልባ የመንገደኛ አገልግሎት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ተከፈተ። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ስለነበር ጋሪው አይደርስበትም።

እንዲህም እየተንቀረፈፈ በጥቅምት 2023 ከመንገድ ዳር የቆመ ብስክሌት ገጨ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ አገልግሎቱ ግን እስከ መጋቢት 2024 ተቋረጠ። ካሜራው ሰው ያልተቀመጠበትን ብስክሌት ለይቶ አላወቀውም ነበር።

ኤይሄይጂ በ1244 የተመሠረተ ገዳም ያላት የጎብኚ አገር ናት። የአረጋውያኑ ጉዳይ በደንብ የሚታየው ግን በሰሜን፣ በአኪታ ግዛት ካሚኮአኒ በምትባል መንደር ነው። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ 65 ዓመት አልፎታል። ተመሳሳዩ ጋሪ በኅዳር 2019 መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ በረዶ የመንገዱን መስመር ሲሸፍነው እንኳ የተቀበረው ሽቦ ይመራዋል። ሲጀምር ሾፌሩ ወንበር ላይ ግን ሰው ነበር፤ የዚያው መንደር ነዋሪ። እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ፍሬኑ አጠገብ ሆኖ መንገዱን ይጠብቅ ነበር። ሁለት ሺህ ያህል ሰው በቀረበት መንደር ሾፌርና ተሳፋሪ መተዋወቃቸው አይቀርም። ጋሪው መሪውን ለማያውቁት ነገር አስረክቡ አላላቸውም፤ የጎረቤት ሰው አስቀምጦ መጣ። ሲጀምር ዋጋው 200 የን ነበር።