የአኒሜ ጉባኤ እንግዶች
አኒሜ የተሰኘው የጃፓን የካርቱን ፊልም በአሜሪካ ያፈራቸው አፍቃሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በፔንሲልቬንያ ኦታኮን የተባለውን ዓመታዊ ጉባኤ ሲጀምሩ፣ የፊልም ሠዓሊዎችንና ሴይዩ የሚባሉትን፣ ማለትም ለገጸ ባሕርያቱ ድምፃቸውን የሚሰጡትን ተዋንያን፣ በክብር እንግድነት ጋብዞ ከተመልካች ጋር ፊት ለፊት የማጠያየቅ ልማድ እየጸና ሄደ። የሮክ ሙዚቀኞች ግን ወደ ጉባኤው የገቡት በሌላ በር ነው፤ በጃፓን የተከታታይ ፊልም መክፈቻና መዝጊያ ዘፈን ብዙ ጊዜ ለታወቁ ባንዶች ስለሚሰጥ፣ አሜሪካን ረግጠው የማያውቁ ድምፃውያን ዘፈናቸው በዚያ በቃል ይታወቅ ነበር። ላርክ አን ሲዬል የተባለው ባንድ የመጀመሪያውን የሰሜን አሜሪካ ኮንሰርት በ2004 ያቀረበው በዚያን ጊዜ በባልቲሞር ይካሄድ በነበረው በዚሁ ጉባኤ ሲሆን፣ በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚመራ ማኅበር ይህን የሚያህል መድረክ መሸከሙ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ጉባኤው በ2017 ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተዛውሯል።