ከሬቲና ጋር መቀራረብ፦ ተጣጣፊ ኤሌክትሮዶችና የዕድሜያቸው ጥያቄ

ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም የሬቲናን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይገድላል፤ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት የጋንግሊዮን ሕዋሳት ግን በብዛት ለዓመታት በሕይወት ይቆያሉ። የሰው ሠራሽ ሬቲና ተስፋ ያረፈው በእነዚህ በተረፉት ሕዋሳት ላይ ነው። ዓይን ውስጥ የሚተከለው ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ታማሚው የብርሃን ነጥብ ያያል። (በትራኮማ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የተጎዳው የዓይኑ ፊተኛ ክፍል ስለሆነ ይህ መሣሪያ አይረዳውም።)

የዘርፉ ዕድገት ብዙ ጊዜ ሲለካ የኖረው በኤሌክትሮድ ቁጥር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘው አርገስ 2 የተባለው ሰው ሠራሽ ሬቲና 60 ኤሌክትሮዶች ነበሩት፤ ከተጠቃሚዎቹ የተመዘገበው ከፍተኛ የማየት አቅም 20/1260 ነው፤ ጤናማ ዓይን ከ1260 ጫማ የሚለየውን ከ20 ጫማ መለየት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ጥራት አያመጣም። ኤሌክትሮዱ ከሕዋሱ በራቀ መጠን የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ወደ ጎንም ይበተናል፤ ሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮዶች ተቀላቅለው አንድ ደብዛዛ ነጥብ ይሆናሉ። ኤሌክትሮዱን ማሳነስም ገደብ አለው። በጠባብ ገጽ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ውሃው መከፋፈል፣ ብረቱም መሟሟት ይጀምራል። ገጹ ሻካራ የሆነ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ኦክሳይድ የተመረጡት ይህን ገደብ ስለሚያሰፉ ነው። እንግዲህ ትንሽ ኤሌክትሮድ የሚጠቅመው ለሕዋሱ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ተጣጣፊነት የሚያስፈልገው ለዚህ ቅርበት ነው። የዓይን ውስጠኛ ግድግዳ 12 ሚሊሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው ጎድጓዳ ሉል ነው። ኤሌክትሮዶቹን የተሸከመው ንጣፍ ይህን ቅርጽ መከተል አለበት። የአንድ ስስ ንጣፍ ግትርነት በውፍረቱ ኪዩብ ስለሚለካ፣ ውፍረቱን በግማሽ መቀነስ ግትርነቱን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል፤ ፖሊኢማይድና ፓሪሊን የተባሉት ፖሊመሮች (ፕላስቲኮች) በስስነታቸው የሚታጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። ግን መታጠፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ወረቀት ኳስ ላይ ሳይጨማደድ አይለጠፍም። ስለዚህ ንጣፉ ወይ ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል፣ ወይ በሙቀት የዓይኑን ቅርጽ ይይዛል፣ ወይ እንደ ሲሊኮን ጎማ ይለጠጣል። የስዊዘርላንዱ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ የዲዬጎ ጌዚ ቡድን በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳየው ፖሊሬቲና የመጨረሻውን መንገድ ይዟል፤ 2215 ነጥቦቹን በጎማው ላይ በመዘርጋት 46 ዲግሪ ገደማ የዕይታ ስፋት ለመሸፈን ታስቧል፤ ታጥፎም በጠባብ ቀዳዳ ይገባል። አስቸጋሪው ነገር ጎማው ሲለጠጥና ሲሞቅ በላዩ ያለው ብረት መሰንጠቁ ነው። በስታንፎርድ የዳንኤል ፓላንከር ሐሳብ የሆነው ፕሪማ ግን የሲሊከን ቺፕ ነው፤ ጎኑ 2 ሚሊሜትር ብቻ፣ ውፍረቱም 30 ማይክሮሜትር በመሆኑ የዓይኑ ጉብጠት ብዙም አያስቸግረውም። ስለዚህ ተጣጣፊነት በራሱ ግብ አይደለም፤ ሰፊ ዕይታ ሲፈለግ ብቻ የግድ ይሆናል።

በእኔ ግምት ከመታጠፍ ይልቅ ከባዱ ውሃ ነው። የትኛውም ፖሊመር የውሃ ትነትን ፈጽሞ አያግድም፤ ሽፋኑ በሳሳና በላላ ቁጥር ጨዋማው ፈሳሽ ወደ ብረቱ የሚደርስበት ጊዜ ያጥራል፤ ንብርብሮቹም ይላቀቃሉ። አርገስ 2 ይህን የተቋቋመው ስሱን ንጣፍ ዓይን ውስጥ አስቀምጦ ኤሌክትሮኒክሱን ከዓይን ኳስ ውጭ፣ በታሸገ ሳጥን በማኖር ነበር። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ አንድ ሽቦ ከሳጥኑ መውጣት ስላለበት ቁጥሩን ማብዛት ከባድ ነበር። ፖሊሬቲናና ፕሪማ ብርሃንን በቦታው ወደ ኤሌክትሪክ በመለወጥ ሽቦውን ያስቀራሉ፤ ኤሌክትሪክ አመንጪውን ክፍል ራሱን ግን ለፈሳሹ ያጋልጣሉ።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። አርገስ 2ን የሠራው ሰከንድ ሳይት መሣሪያውን ማምረት ሲያቆም ከ350 በላይ ሰዎች ተተክሎላቸው ነበር፤ ጥገናና ክትትል የሚሰጥ ግን አልቀረም። የመሣሪያው ዕድሜ የኩባንያውን ዕድሜ ካለፈ ታማሚው በዓይኑ የማይጠገን ነገር ተሸክሞ ይቀራል። ይህ ለእኔ ከምሕንድስናው የማይለይ ጥያቄ ነው፤ መለዋወጫና የንድፍ መረጃ አስቀድሞ ዋስትና ሊሰጠው ይገባል።

ወደ ውሃው ጉዳይ ስንመለስ፣ የንጣፍ ዕድሜ የሚገመተው በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በማቆየት ነው። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበላሸት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በ67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ዓመት የቆየ ንጣፍ በሰውነት ሙቀት ስምንት ዓመት ይቆያል ይባላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን የመበላሸቱ መንገድ በሁለቱም ሙቀት አንድ ከሆነ ነው፤ የንብርብር መላቀቅ ሁልጊዜ ይህን ሕግ አይከተልም። በሠላሳ ዓመቱ ዕይታውን ላጣ ሰው ደግሞ ስምንት ዓመት አይበቃም። ስለዚህ የኤሌክትሮድ ቁጥር በሚጻፍበት መጣጥፍ ሁሉ ንጣፉ በፈሳሽ ውስጥ የቆየበት ጊዜና የተበላሸበት መንገድ አብሮ መጻፍ አለበት።