የ1984ቱ የአንድነት መንግሥትና የእኛ ወንበር



በዘመቻ ሙሴ ከሱዳን ተነሥታችሁ ከገባችሁት መካከል፣ ያን ጊዜ እስራኤልን ማን ይመራ እንደ ነበረ የምታስታውሱ ስንቶቻችሁ ናችሁ? «ሺሞን ፔሬስ» ብትሉ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ቤቱ ሁለት አባወራ ነበረው። ታሪኩን እንዲህ እናቀርበዋለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 23 ቀን 1984 በተደረገው ምርጫ ከ120 የክኔሴት መቀመጫዎች ውስጥ የፔሬስ መዓራኽ 44፣ የይስሃቅ ሻሚር ሊኩድ 41 አገኙ። መንግሥቱ እንዲጸና 61 ድምፅ ያስፈልጋል። ትናንሾቹ ፓርቲዎች በግራም በቀኝም ቢቆጠሩ ለአንዱም አልሞላ አለ። ፕሬዚዳንት ሐይም ሄርጾግ ኃላፊነቱን ለፔሬስ ሰጡ፤ ፔሬስ ግን ብቻቸውን አልቻሉም። ጊዜውም ክፉ ነበር። ሠራዊቱ ሊባኖስ ውስጥ ነው፤ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ተቀናቃኞቹ አንድ ላይ ለመግዛት ተስማምተው ሴፕቴምበር 13 ቀን መንግሥታቸውን አቆሙ።

ሥልጣኑን በጊዜም በወንበርም ተካፈሉት። ፔሬስ 25 ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሻሚር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በኦክቶበር 1986 ቦታ ተለዋወጡ። ይስሃቅ ራቢን አራቱንም ዓመት መከላከያን ያዙ፤ ገንዘብ ሚኒስቴር ለሊኩድ ደረሰ። ሚኒስትሮቹ 25 ነበሩ። ከባዱን ጉዳይ የሚመክር ደግሞ ከየወገኑ አምስት አምስት ሆኖ አሥር ሰዎች ያሉበት ጠባብ ካቢኔ ተቋቋመ። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ማፓም የተባለው ፓርቲ «ከሊኩድ ጋር አልቀመጥም» ብሎ ከመዓራኽ ወጣ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። የክሊታ ሚኒስትሩ ያዕቆብ ጹር ከመዓራኽ ነበሩ፤ የቤቶች ሚኒስትሩ ዳዊድ ሌቪ ከሊኩድ። ትምህርት በመዓራኹ ይስሃቅ ናቮን እጅ፣ ሥራና ማኅበራዊ ደኅንነት በሊኩድ እጅ ነበር። የሀገር ውስጥ ጉዳይንና የሃይማኖት ጉዳይን ግን ሻስና ማፍዳል ተሻሙባቸው። ስለዚህ ፔሬስ እስከ ዲሴምበር 1984 መጨረሻ ሁለቱንም ራሳቸው ያዟቸው። አስቡት እንግዲህ! ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 አውሮፕላኖቹ 8,000 ያህል ወገኖቻችንን ሲያመጡ፣ መታወቂያችንንና ጋብቻችንን የሚመለከቱት ሁለት ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ ገና በክርክር ላይ ነበሩ። በመጨረሻ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ለሻሱ ይስሃቅ ፔሬጽ፣ የሃይማኖት ጉዳይ ለማፍዳሉ ዮሴፍ ቡርግ ተሰጠ። የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ በአራት ፓርቲ በር ተበተነ ማለት ነው።

ያን መንግሥት ለመውቀስ ብቻ ይህን አልጻፍንም። እኛን ያመጣን እርሱ ነው። በ1985 አብዛኛውን ሠራዊት ከሊባኖስ አወጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ ባወጣው የኢኮኖሚ ዕቅድም የዋጋ ንረቱን በ1986 ወደ 20 በመቶ ገደማ አወረደው። እንዲህ ያለውን መራራ መድኃኒት አንዱ ፓርቲ ብቻውን ቢያጠጣ ኖሮ ሌላው በጮኸበት ነበር።

ሆኖም የራባኑት ጥያቄ በመጣ ጊዜ የጎደለን ነገር ታየ። ለጋብቻ ስንቀርብ ጥቪላ፣ ማለት በውኃ መጥለቅ፣ ተጠየቅን። አይሁድነታችን ተጠረጠረ ብለው ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችንና ወጣቶቻችን በ1985 መጸው ኢየሩሳሌም ላይ፣ በራባኑት ሕንፃ ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀመጡ። ለምን አደባባይ ወጡ? ከ25ቱ ወንበሮች በአንዱም ላይ ቋንቋችንንና ታሪካችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ነው።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያ ተወላጅ የክኔሴት አባል አዲሱ መሰለ የተመረጡት በ1996 ነው። ለሚኒስትርነት ደግሞ እስከ 2020 ጠበቅን። በዚያ ዓመት ሜይ ኔታንያሁና ጋንጽ ዳግመኛ በዙር የሚገዛ የአንድነት መንግሥት ሲያቆሙ፣ የክሊታው ወንበር ለፕኒና ታማኖ ሻታ ተሰጠ። እርሷ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የመጣች ናት። የ1984ቱ የአንድነት መንግሥት ያመጣት ሕፃን በሌላው የአንድነት መንግሥት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠች! በ1986 የተከበረው ዙር በዚህኛው አልተከበረም፤ በጀቱ ሳይጸድቅ ቀርቶ ክኔሴቱ በዲሴምበር 2020 ተበተነ። ቢሆንም ከዚያው ወር እስከ ማርች 2021 በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ 2,000 ያህል ወገኖች ከኢትዮጵያ ገቡ። ወንበር ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ፣ በጊቫት ኦልጋም ሆነ በሌላው የሐዴራ ሰፈር የምትኖሩ ወገኖች፣ ምርጫ ባለፈ ቁጥር «ማን አሸነፈ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የክሊታው፣ የቤቱ፣ የትምህርቱ፣ የሀገር ውስጥ ጉዳዩ ቁልፍ በማን እጅ ገባ? የሚኒስትሮቹን ስም ዝርዝር ከጋዜጣ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁ ለአያቶቻቸው ያንብቡላቸው። ቁልፉን የያዘውን ያላወቀ ሰው የማይከፈት በር ሲያንኳኳ ይውላልና።

ቸር ይግጠመን።