ላይቤሪያ፦ የባዕድ ፊርማ የታከለበት እርዳታ

በጎርጎሮሳውያኑ 1989 የጀመረውና በመሐሉ ጥቂት ዓመታት ጋብ ብሎ ዳግም ያገረሸው የላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በነሐሴ 2003 በአክራ ስምምነት ሲያበቃ፣ ዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ መብራትም የቧንቧ ውኃም አልነበራትም። ገንዘባቸው እንዳይመዘበር የሰጉ ለጋሾች በ2005 ከሽግግር መንግሥቱ ጋራ ያልተለመደ ውል ተፈራረሙ። በወደቡ፣ በሮበርትስ አውሮፕላን ማረፊያና በማዕከላዊው ባንክ የውጭ ባለሞያዎች ተመደቡ፤ ያለእነርሱ ተጓዳኝ ፊርማ ዋና ዋና ወጪዎች አይፈጸሙም ነበር። ብዙ ላይቤሪያውያን ውሉን ሉዓላዊነትን የሚጋፋ ነው ሲሉ ተቹ፤ ትችቱም መሠረት ነበረው። ይሁንና በ2006 ሥልጣን የያዙት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ አሠራሩን ተቀብለው ቀጠሉበት። አበዳሪዎችም በ2010 ወደ 4.6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ሰረዙ።

የካዝናው ማገገም ግን እስከ ጤና ጣቢያው አልዘለቀም። በ2014 የተዛመተው ኢቦላ ከ4,800 በላይ ላይቤሪያውያንን ገደለ። አሜሪካ የልማት ተራድዖ ድርጅቷን በዘጋችበት በ2025ም፣ መድኃኒት ያጠራቸው የገጠር ክሊኒኮች ነበሩ።