የጭስ ማስጠንቀቂያ (በበረራ ላይ)

በአውሮፕላን የጭነት ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት ወይም የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ያሉ ጠቋሚዎች ጭስ ሲለዩ ለበረራ ሠራተኞች የሚሰጡት ምልክት። ኮክፒት ውስጥ ጭስ ከሸተተ ወይም ከታየ አብራሪዎቹ በቅድሚያ የኦክስጅን ጭንብልና የዓይን መከላከያ ያጠልቃሉ፤ ከዚያ አንዱ ሲያበር ሌላው የአደጋ ጊዜ መመሪያውን ያነብባል። እሳቱ በጭነት ክፍል ከሆነ አየር ማስገቢያው ተዘግቶ የሃሎን ጋዝ ይለቀቃል። የተሳፋሪ ስልክ ሲጋይ አስተናጋጆች ነበልባሉን አጥፍተው ስልኩን በውኃ ያቀዘቅዛሉ። ጭሱ ካልቆመ አቅራቢያ ባለ ተስማሚ ማረፊያ ፈጥኖ ማረፍ ግድ ነው፦ በ1990 ዓ.ም. ካናዳ ጠረፍ የወደቀው የስዊስኤር በረራ 111 ጭስ ከሸተተ በኋላ በአየር ላይ የቆየው 21 ደቂቃ ያህል ነው። እሳት በቆመ አውሮፕላን ላይም ሊነሳ ይችላል፦ ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ቆሞ በነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ላይ የተነሳው እሳት መንስኤ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያው ሊትየም ባትሪ ነበር፤ ተሳፋሪ ግን አልነበረበትም።